ቆብ የሌለው ዳንቴሌ

ጥር 13 ቀን 1961፣ ዲላ

ደብተሩ የተገዛው ለሥራ ነው፤ የግል ነገር አይጻፍበትም። የመጀመሪያው ገጽ ስለሆነ ብቻ ዛሬን ትንሽ ሰፋ አድርጌ ልጻፍ።

ከጥምቀት መልስ እርሻ ቢሮ ስገባ ኃላፊዬ አቶ ገብረኪዳን ጠረጴዛዬ ላይ አንድ እቅፍ የቡና ቅጠል ከምረው ጠበቁኝ። ቅጠሉ ከላይ ሲያዩት ዐመድ የተነሰነሰበት ይመስላል፤ ሲገለብጡት ደግሞ በጥቁር ነጠብጣብ ተዥጎርጉሯል።

«ደመላሽ፣ ይህ ከኢዲዶ ነው የመጣው። ቡናው ቅጠሉን እያራገፈ ነው» አሉ። «የሚበላው ምን እንደሆነ ስሙን አምጣልኝ። መጋቢት መጨረሻ ላይ የተባይ ጥናቱ ዶክተር ከአዲስ አበባ ይመጣሉ። ባዶ እጄን አልቀበላቸውም።»

«ምን ችግር አለ!» አልኳቸው። ከእርሻ ትምህርት ቤት ተመርቄ እዚህ ከተመደብኩ ሁለተኛ ዓመቴ ነው። እስከ ዛሬ የሠራሁት ትልቁ ሥራ ጪጩ ገበያ ላይ ስለ ቡና አደራረቅ በድምፅ ማጉያ መናገር ነበር፤ ማጉያውም አይሠራም ነበር።

አከራዬ ወይዘሮ ማንጠግቦሽ ነገሩን ሲሰሙ፣ «እናትህ ይህን ሁሉ ዓመት ያስተማረችህ ተባይ እንድትለቅም ነው?» አሉኝ። ሰው ሚስት ሲያገባ እንዲህ ያለው ሐሳብ ይለቀዋል ብለውም አከሉበት። እሳቸው ቤት ማንኛውም ወሬ ማረፊያው እዚያ ነው።

ጥር 16

ኢዲዶ ዋልኩ። እስከ ይርጋ ጨፌ በአውቶቡስ፣ ከዚያ ወዲያ በእግር።

ማሳው የአቶ ሙሉካ ነው። የአባቴ እኩያ ናቸው። አማርኛን ያወቁት ጎልምሰው ስለሆነ አንቱታ የሚባለውን ነገር አልፈለጉትም፤ ለሕፃኑም ለዳኛውም «አንተ» ነው። ባለፈው ዓመት አቶ ገብረኪዳንን «አንተ ወፍረሃል፣ ጥሩ ነው» ብለዋቸው ኃላፊዬ እስከ ዛሬ አልረሱላቸውም።

ቡናው ከእንሰቱ ጋር ተሰባጥሮ የቆመ ነው። «መሬት የባለርስት ነው» አሉኝ። «ቡና ግን አባቴ ነው የተከለው። ቡና ካለ እኔ አለሁ። ቡና ከሌለ፣ ሙሉካ ተነሣ ሂድ ይላል።» ይህን ሲሉ ይስቁ ነበር። እኔም አብሬ ሳቅሁ፤ ምን እንዳሳቀኝ እንጃ።

ቅጠል ገልብጬ በአጉሊ መነጽር አየሁ። ሳላውቀው መሬት ላይ ተንበርክኬ ኖሯል፤ ሱሪዬ አለቀለት። የሰሊጥ ፍሬ የሚያህል ተባይ ነው፤ አብዛኛው ጠቆር ያለ፣ ጥቂቱ ነጭ። ክንፉ ግን ዳንቴል! ተቆጥሮ የተሠራ፣ ቀዳዳ በቀዳዳ። የወይዘሮ ማንጠግቦሽ የራዲዮ ልብስ እንዲህ አላማረም። ስሙን ለጊዜው ዳንቴሌ ብዬዋለሁ።

ቤተሰቡን ወዲያው አወቅሁት፤ ዳንቴል ክንፍ ያለው ሁሉ አንድ ቤተሰብ ነው። ይህ ግን ቀላሉ ነው፣ «የእገሌ ዘር ነው» እንደማለት። አስቸጋሪው ወገኑን መለየት ነው፤ ወገን ከቤተሰብ ጠበብ፣ ከዝርያ ሰፋ የሚል ነው። ለዚያ ደግሞ አካሉን ከራስ እስከ ጅራት ማየት ይጠይቃል።

ለአቶ ሙሉካ ባዶ የክብሪት ቀፎዎች ሰጠኋቸው። «ነጫጮቹን እየመረጡ በዚህ ያኑሩልኝ፤ ለማየት ያምራሉ» አልኳቸው።

«አይዞህ» አሉ። «እኔ ጥሩ ነገር ጥሩ ቦታ ነው የማስቀምጠው።»

ራሴም ከቅጠሉ ላይ ጥቂት ለቅሜ ይዤ መጣሁ።

ጥር 17፣ ቅዳሜ

በከተማው አንድ ማይክሮስኮፕ ነው ያለው፤ እሱም የትምህርት ቤቱ። የሣጥኑ ቁልፍ በሳይንስ መምህርቷ በወይዘሪት ጸሐይ እጅ ነው። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ብቻ ይፈቅዳሉ።

ስለ ወይዘሪት ጸሐይ የሚጻፍ ነገር የለም። ቁመታቸው መካከለኛ ነው። ፀጉራቸውን ወደ ኋላ ያስይዙታል። ሲያተኩሩ የታች ከንፈራቸውን በግራ በኩል ይነክሳሉ። ሌባ ጣታቸው ላይ ሰማያዊ ቀለም ነበረ፤ እኔ ስወጣም አልለቀቀም ነበር።

ማይክሮስኮፑ ደህና ነው።

ጥር 24፣ ቅዳሜ

መለያ መጽሐፉ በፖስታ ደረሰኝ። ዘዴው የፍርድ ቤት ምርመራ ነው። ራሱ ላይ ቆብ አለው ወይ? አለው ካልክ ወደዚህ ይልክሃል፣ የለውም ካልክ ወደዚያ። የደረቱ ጎንና ጎን ክንፋፍ፣ ማለትም እንደ ክንፍ የወጣ ስስ ጠርዝ፣ አለው ወይ? ጀርባው ላይ ስንት ሸንተረር? የክንፉ ዳር ቀዳዳ በስንት ረድፍ?

እኔ መጽሐፉን ሳነብ ወይዘሪት ጸሐይ በማይክሮስኮፑ እያዩ ይመልሳሉ። «ቆብ? አለው። እንደ ሕፃን ቆብ ነፋ ያለ ነው። ክንፋፎቹ ወደ ላይ የታጠፉ ናቸው። ሸንተረሩ ሦስት።» እየጠየቅን፣ እየመለስን፣ አንድ ስም ላይ ዱብ አልን፦ ሀብሮኪላ። ቡና ላይ የሚኖር፣ በጎረቤት አገሮች ሁሉ የታወቀ ወገን።

«አገኘነው!» ብለው አጨበጨቡ።

«ነገሩ በዚህ የሚያልቅ አይመስለኝም» አልኩ እኔ። «ለጥንቃቄ ያህል በሚቀጥለውም ቅዳሜ፣ ከዚያም በኋላ ባለው ብናየው ይሻላል። ሳይንስ ችኮላ አይወድም።»

ትክ ብለው አዩኝና «አይወድም» አሉ።

ጥር 28

ኢዲዶ ደርሶ መልስ። የአቶ ሙሉካን ቀፎዎች ተቀበልኩ። ደክሞኛል። ጫማዬ ተቀዷል። ቀፎዎቹ ጭስ ጭስ ይላሉ፤ ክብሪት ምን ሊሸት ኖሯል?

የካቲት 1፣ ቅዳሜ

ኮቴን ሳላወልቅ ነው የምጽፈው።

የአቶ ሙሉካ ተባዮች ቆብ የላቸውም! ነጭ ናቸው፣ እንደ ወረቀት። ቆቡ ሊሆን በሚገባው ቦታ ላይ አንድ ጠፍጣፋ ነገር ተለጥፏል። የጎን ክንፋፎቹ ወደ ላይ መታጠፍ ብቻ ሳይሆን ጀርባው ላይ ተጠቅልለዋል። የክንፉ ቀዳዳዎች ተጨማደዋል። መጽሐፉን ጠየቅሁት፤ «ቆብ ከሌለው ወደ አሥራ ሁለት» አለኝ። ከአሥራ ሁለት ወደ አሥራ ዘጠኝ። ከአሥራ ዘጠኝ በኋላ የሚሄድበት ጠፋው።

ሰው ያላየው ወገን ነው ማለት ነው።

ወይዘሪት ጸሐይ አንዱን ሁለት ጊዜ እያገላበጡ አዩት። «የተጎዳ አይመስልዎትም?» አሉ። አንዱ ቢጎዳ ሁሉም ይጎዳል ወይ? አልኳቸው። በሉ ለሚቀጥለው ቅዳሜ ብለን ተለያየን።

እኔ ዝና የምፈልግ ሰው አይደለሁም። ይህ ይታወቅልኝ።

የካቲት 3

ለአቶ ገብረኪዳን ነገርኳቸው። ከወንበራቸው ተነሡ፤ ሁለት ዓመት ሙሉ ለእኔ ብለው ሲነሡ አይቼ አላውቅም። «እንዲህ ያለ ነገር ባገኘው ሰው ስም ይጠራል አይደል?» አሉ። አንዳንዴ እንዲያ ይደረጋል አልኩ። «እንግዲያው ደመላሺያ ነዋ!» አሉና ያኔውኑ ለአዲስ አበባ ቴሌግራም አስጻፉ።

ስሙን ያወጡት እሳቸው ናቸው። እኔ ላቲኑ ላይ ብቻ ነው የረዳኋቸው።

የካቲት 5

ወይዘሮ ማንጠግቦሽ ለጎረቤት ሲያወሩ በግድግዳው ሰማሁ። «ተከራዬ ትልቅ ሰው ሊሆን ነው፤ ቅማል በስሙ ሊጠራለት ነው።» ቅማል እንዳልሆነ ሄጄ ላስረዳ ብዬ ተውኩት።

የካቲት 8፣ ቅዳሜ

ለልምምድ ያህል ሰዎችን በመለያው ዘዴ ሞከርኳቸው።

ቆብ ያለው፣ ሆዱ ከቀበቶው ያለፈ፦ አቶ ገብረኪዳን። ቆብ የሌለው፣ በሻሽ የተተካ፣ አፉ የማያርፍ፦ ወይዘሮ ማንጠግቦሽ። ቆብ የሌለው፣ ፀጉሩ ወደ ኋላ የተያዘ፣ ከንፈሩን የሚነክስ፦ ወደ ሌላ ገጽ ሂድ።

ሌላ ገጽ ስሄድ ባዶ ነው። ይህ መጽሐፍ ጎደሎ ነው።

የካቲት 12

ዛሬ ስብሰባ ነበር። አቶ ገብረኪዳን እንዲህ አሉ፦ «የታወቀ ተባይ ቢሆን ኖሮ መድኃኒቱም የታወቀ ነበር። ይህ ግን እንግዳ ነው። እንግዳ ተባይ ካለበት ማሳ ወጥቶ ከተሠራጨ የአውራጃው ቡና አለቀ ማለት ነው። ዶክተሩ ከመምጣታቸው በፊት የተያዘው ቡና ተቆርጦ ይቃጠላል። የካቲት 29፣ ቅዳሜ።»

የተያዘው ቡና ማለት የአቶ ሙሉካ ቡና ነው።

«እንግዳ» የሚለውን ቃል ሪፖርቱ ላይ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ማቃጠል የሚለውን ግን አልጻፍኩም። አሁንም ገልጬ አየሁት፤ የለም። ይህ የአስተዳደር ውሳኔ ነው። እኔ የአካል ቅርጽ ነው የማየው።

ሳይቸግር ጤፍ ብድር አለ የሀገሬ ሰው። ይህን ለምን እንደጻፍኩት አላውቅም።

የካቲት 15፣ ቅዳሜ

ከወይዘሪት ጸሐይ ጋር ተጣላን።

ስለ ማቃጠሉ ሰምታ ነበር። ሣጥኑን እንኳ ሳትከፍት፣ «አንድ ነገር ልጠይቅህ» አለችኝ። «አንተ ራስህ ከቅጠል ላይ የለቀምካቸው ሁሉ ቆብ አላቸው። ከሙሉካ እጅ የሚመጡት ብቻ ናቸው ቆብ የሌላቸው። ደግሞ ጭስ ይሸታሉ። ለምንድን ነው?»

«ሙሉካ የበለጠ ዓይን ስላላቸው ነው» አልኩ።

«ደመላሽ!»

«ነው ወይስ በስሜ መጠራቱ ቅር አሰኝቶሻል?»

ይህን ማለት አልነበረብኝም። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም። ቁልፉን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችና ደህና ዋል እንኳ ሳትለኝ ወጣች። የተቆለፈው ማይክሮስኮፕ ፊት ብቻዬን ቆሜ ሣጥኑን ስመለከት የትምህርት ቤቱ ዘበኛ መጥቶ «ይዘጋል» አለኝ።

አሁን ሳነበው «አለችኝ» እያልኩ ጽፌያለሁ። አሉኝ ማለቴ ነው።

የካቲት 18

ኢዲዶ ሄጄ ለአቶ ሙሉካ ራሴ ልነግራቸው ወሰንኩ። ከሌላ ሰው ከሚሰሙ።

ጾም መሆኑን ያውቃሉ። እሳቸው ወንጌላዊ ስለሆኑ አይጾሙም፤ ለእኔ ሲሉ ግን ቆጮውን ያለ ቅቤ፣ ከጎመን ጋር አስቀረቡልኝ። ሳልበላ ልናገር ብዬ ነበር፤ በልቼ ተናገርኩ።

አቶ ሙሉካ የበላሁበትን ሳህን ወደ ጎን አደረጉ። «አንተ አይተሃል? በመስታወት አይተሃል?»

«አይቻለሁ።»

«እርግጥ ነው?»

«እርግጥ ነው» አልኩ።

«እንግዲያ ምን ይደረጋል» አሉና፣ እኔን ማጽናናት ያለባቸው ይመስል፣ «ቆይ፣ ያንተን ዕቃ ላምጣ» ብለው ከምድጃው በላይ ወዳለው ቆጥ እጃቸውን ሰደዱ። ለዘር የተቀመጠ በቆሎ ተሰቅሏል፤ ጥላሸት ጠጥቶ ጠቁሯል። ከበቆሎው ጋር በቃጫ የታሰሩ የእኔ የክብሪት ቀፎዎች ተንጠልጥለዋል።

«እዚህ ነው የሚቀመጡት?» አልኳቸው።

«እዚህ አይጥ የለም። ጉንዳን የለም። ነቀዝ የለም። ጥሩ ነገር ሁሉ እዚህ ነው» አሉ ኮራ ብለው። «ነጯን ከቅጠል አነሣለሁ፣ በሕይወት እያለ ቀፎ ውስጥ፣ ከዚያ ወዲያው ወደ ላይ። ከመጀመሪያ ቀን እንዲህ ነው።»

ቀፎውን ተቀበልኩ። ትኩስ ነበር። ስለ ምድጃው እሳት ምንም አላልኩም። ስመለስ ግን፣ እንዲያው ለምንም ያህል፣ አንድ ቅርንጫፍ ከነተባዩ ቆርጬ ውሃ ባለው ጠርሙስ ይዤ መጣሁ።

የካቲት 19

ራሴን አሞኛል።

የካቲት 20

አሁንም ራሴን። ቢሮ ገብቼ ወጣሁ። ጭስ ቆብ ያወልቃል እንዴ? በቆሎውስ እዚያው ተሰቅሎ ከርሞ ይበቅል የለ?

የካቲት 21

ወደ ይርጋ ጨፌ የሚሄድ መኪና ነበረ። ጋቢና ቦታ ነበረው። አልሄድኩም። እርግጠኛ ሳይሆኑ ሰው ማሸበር ነውር ነው።

የካቲት 22፣ ቅዳሜ

ጠርሙሱን ይዤ ትምህርት ቤት ሄድኩ። ትመጣለች ብዬ አላሰብኩም ነበር። ደጃፉ ላይ ቆማለች፣ ቁልፉን ጣቷ ላይ እያዞረች።

«ጭስ ይሸታሉ ያልሽው...» ብዬ ጀመርኩ፤ መጨረስ አቃተኝ። እሷም አላስጨረሰችኝም። ጠርሙሱን ተቀበለችኝና ቅጠሉን ገለበጠች። «እይ» አለች።

አንዱ ጫጩት ተባይ የልጅነት ቆዳውን እየገፈፈ ነበር። ከጀርባው ተሰነጠቀና ነጭ ሆኖ ወጣ፤ እንደ እርጥብ ወረቀት የለሰለሰ። ሌሎችም ጠዋት የወጡ ነጫጮች ነበሩ። ግማሾቹን ቅጠላቸው ላይ ተውናቸው። ግማሾቹን በክብሪት ቀፎ አድርገን ወደ ቤቴ ወሰድናቸው።

ወይዘሮ ማንጠግቦሽ «ከድስቴ በላይ ተባይ ልትሰቅል? ያውም በጾም?» ብለው ጮኹ። ከኋላዬ ወይዘሪት ጸሐይን ሲያዩ ግን ድምፃቸው ተለወጠ። «ግቢ እንጂ ልጄ! ስቀሉ፣ ስቀሉ፣ የፈለጋችሁትን ስቀሉ።»

የካቲት 24

ቅጠል ላይ የቆዩት ነጭነታቸው ጠፍቷል። ደረታቸው ጠቁሯል፣ ቆባቸው ተነፍቶ ጠንክሯል። ሀብሮኪላ፣ ምንም የማያጠራጥር።

ከምድጃው በላይ የዋሉት ግን ቆባቸው ከራሳቸው ላይ ተለጥፏል፣ ክንፋፋቸው ተጠቅልሏል፣ ዳንቴላቸው ተጨማዷል። ቁርጥ ደመላሺያ! በሁለት ቀን ውስጥ በወይዘሮ ማንጠግቦሽ ጭስ አዲስ ወገን ፈጠርኩ።

ለካ ነጫጮቹ ሌላ ወገን አልነበሩም። ገና ቆዳቸው ያልጠነከረ ለጋዎች ናቸው። ነጫጮቹን ምረጡልኝ ያልኩት ደግሞ እኔ ነኝ፣ ስላማሩኝ።

ሁለቱን ቀፎዎች ይዤ ኃላፊዬ ዘንድ ገባሁ። አዩ፤ ሰሙኝ። በሩንም ዘጉ።

«ይህን ማን ያውቃል?»

«እኔና ወይዘሪት ጸሐይ። ወይዘሮ ማንጠግቦሽም።»

«እንግዲያው ዲላ በሙሉ ያውቃል በለኛ!» አሉና ግንባራቸውን ያዙ። ከዚያ ቀስ ብለው፣ «ደመላሽ፣ ቴሌግራሙ ሄዷል። ዶክተሩ የሚመጡት ለዚህ ነው። የሙሉካ ቡና እንደሆነ ያው የታመመ ቡና ነው። አንተ ዝም በል። ዝም ያለ ሰው ስሙ መጽሐፍ ላይ ይገባል» አሉኝ።

«ነገ እናስብበት» ብዬ ወጣሁ። እናስብበት! ይህን ያለች ምላሴን ብቆርጣት ደስ ባለኝ። የሰው ኑሮ ሊቃጠል ነው፣ እኔ አስብበታለሁ።

የካቲት 25

አሰብኩበት። በገዛ ገንዘቤ ቴሌግራም ልልክ ሄድኩ። ወረቀቱ ላይ እንዲህ ጻፍኩ፦ «ደመላሺያ የለም። ስሕተቱ የኔ ነው። የታወቀው ሀብሮኪላ ነው። ማቃጠል አያስፈልግም። ደመላሽ።»

ጸሐፊው ቃል ሊቆጥር ጮክ ብሎ ያነባል። «ደመላሺያ... የለም» አለና ቆመ። ባርኔጣውን አወለቀ። «እግዚአብሔር ያጥናህ ወንድሜ። እህትህ ነበረች?»

ከኋላዬ የተሰለፈው ሰው ሁሉ «ነፍስ ይማር» አለ። አንዲት እናት ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው «ስንት ዓመቷ ነበር?» አሉኝ።

«ሃያ ሁለት ቀኗ ነው» አልኩ።

«ወይኔ፣ ክርስትና እንኳ ሳትነሣ!» ብለው አለቀሱልኝ። ከዚህ በኋላ እንዴት አድርጎ ሰው ያስረዳል? «ማቃጠል አያስፈልግም» የሚለው ላይ ሲደርስ ጸሐፊው ቀና ብሎ አየኝ፤ ከዚያ ማኅተሙን መታ።

የካቲት 26

በቡና ጭነት መኪና፣ ጆንያ ላይ ተቀምጬ ኢዲዶ ሄድኩ። ደስ ብሎኝ ነበር። መንገዱን ሁሉ አቶ ሙሉካ ሲስቁ እየታየኝ ነበር የሄድኩት።

ማሳው ዳር ስደርስ ብርሃን በዛብኝ። ጥላ የነበረበት ቦታ ፀሐይ ገብቷል። አንድ ረድፍ ቡና ከላይ እስከ ታች ተቆርጦ ተጋድሟል። አቶ ሙሉካ ገጀራቸውን ይዘው ሁለተኛው ረድፍ መጀመሪያ ላይ ቆመዋል።

«ቅዳሜ ሰዎች ይመጣል» አሉኝ። «የማያውቅ እጅ ከሚቆርጠው እኔ ልቁረጥ ብዬ ነው። አባቴ ነው የተከለው።»

«ተሳስቻለሁ አቶ ሙሉካ» አልኩ። «የታወቀ ተባይ ነው። መድኃኒት አለው። አይቆረጥም፣ አይቃጠልም።»

«በመስታወት አይተህ አልክ» አሉ። አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር።

ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ስለ ነጫጮቹ፣ ስለ ቆቡ፣ ስለ ቆጡ። ገጀራቸውን እያዩ አዳመጡኝ። «ጭሱ ነው እንግዲያ» አሉ በመጨረሻ። «እኔ ነኝ ያበላሸሁት።»

«ጭሱ አይደለም። እኔ ነኝ።»

«የቀረው አይነካም?»

«አይነካም።»

ጉቶ ላይ ተቀመጡ። እኔም ሌላው ላይ። መቼ መቁረጥ እንደጀመሩ ጠየቅኋቸው። «ሐሙስ» አሉኝ።

ሐሙስ እኔ ራሴን አሞኝ ነበር። ዓርብ መኪና ነበረ፣ ጋቢና ቦታ ነበረው። ይህን ስጽፍ አፍራለሁ። እንዲህ አፍሬ አላውቅም።

መጋቢት 6፣ ቅዳሜ

ቴሌግራሜን ከሰሙ በኋላ አቶ ገብረኪዳን የየካቲት 29ኙን ማቃጠል አቆይተውት ነበር፤ ዛሬ ከአዲስ አበባ መልስ መጣ። ስላረማችሁ እናመሰግናለን፣ ጉብኝቱ ተሰርዟል፣ መድኃኒቱ ከቅጠሉ በታች በኩል ይረጭ ይላል። አቶ ገብረኪዳን ሠራተኛውን ሰብስበው «እኔ ገና ከጅምሩ ጠርጥሬ ነበር» አሉ። ከዚያ ለብቻዬ ጠሩኝና አዋሳ እንድዛወር ሊጽፉልኝ እንደሚችሉ ነገሩኝ፤ ትልቅ ከተማ ነው፣ ሐይቅ አለው፣ ሰው አያውቅህም።

አልሄድም አልኳቸው። የተቆረጠው ቡና ከጉቶው እስኪያቆጠቁጥ፣ አቆጥቁጦም እስኪያፈራ ሦስት ዓመት ይፈጃል። እሱን ማየት አለብኝ።

ለወይዘሮ ማንጠግቦሽ ይህንኑ ስነግራቸው «ለጉቶ ብለህ ሦስት ዓመት?» አሉ። «ይቺ ጉቶ ፀጉሯን ወደ ኋላ የምታስይዘው ናት?»

ለእሳቸው ሳይንስ ማስረዳት አይቻልም።

ሚያዝያ 25፣ ቅዳሜ

ዝናቡ ጥሩ ነው። ከረጨነው ወዲህ የቆመው ቡና አዲስ ቅጠል አውጥቷል።

ኢዲዶ ሄድኩ። ጸሐይም ለትምህርት ጉዳይ መጥታ ነበር። የትኛው ትምህርት እንደሆነ አልጠየቅኋትም።

አቶ ሙሉካ እጄን ይዘው ወደ ተቆረጠው ረድፍ ወሰዱኝ። ጉቶው ዙሪያውን ቡቃያ አውጥቷል፤ ጣት ጣት የሚያክሉ፣ ለጋ፣ አረንጓዴ። ገጀራቸውን ከቀበቷቸው መዘዙ።

«ሁሉም አብሮ አያድግም» አሉኝ። «አንድ ሁለት ነው የሚቀረው። የቱ ይቅር? አንተ በል።»

ጎንበስ ብዬ አየሁ። ወፍራሙ አለ፣ ቀጥ ያለው አለ፣ ከሥር የወጣው አለ። ጸሐይ ከንፈሯን ነክሳ ትጠብቀኛለች። አቶ ሙሉካ ገጀራቸው ዝግጁ ነው፤ ይህን ብላቸው ይህን ያስቀራሉ፣ ሌላውን ሁሉ ይመታሉ።

«አላውቅም» አልኳቸው።

ደህና አድርገው አዩኝ። ከዚያ ገጀራውን ሣሩ ላይ አኖሩትና አጠገቤ ቁጢጥ አሉ።

«እኔም አላውቅም» አሉ። «ከዚህ በፊት የሚያፈራ ቡና ቆርጬ አላውቅም።»

ጸሐይም መጣች። ሦስታችን ጉቶውን ከብበን ተቀመጥን።